«አባቴ ይሙት» ብዬ የማልምልበት የመጀመሪያው ፋሲካ

(ከዚህ በታች የቀረበው፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ የመንዝ፣ የጊሼና የመርሐቤቴ ተወላጆች በሆሣዕና ዕለት ከሰዓት በኋላ ባደረጉት የእድር ስብሰባ ላይ አንድ አባል ያሰሙት ንግግር ነው።)



ሊቀመንበራችን «ሃያ ደቂቃ አለህ» ብለውኛል። ለመንዝ ሰው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶ ሃያ ደቂቃ ብቻ የሰማ ሊቀመንበር እስከ ዛሬ አልተወለደም፤ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ከወዲሁ ቢታሰብበት ጥሩ ነው።

ዛሬ ሆሣዕና ነው። ሁላችሁም ጣት ላይ የዘንባባ ቀለበት አያለሁ። ጠዋት ያስቀደሳችሁ ደግሞ ፍትሐቱን ሰምታችኋል። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግምና፣ በሳምንቱ ውስጥ የሚጠራ ቢኖር ተብሎ በቁም ላለነው ለሁላችን ዛሬ አስቀድሞ ይደረጋል። ከልጅነቴ ጀምሬ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ፤ ሐሳቤ ግን ሁልጊዜ ቀለበቱ ላይ ነበር። ዘንድሮ ቃል በቃል አዳመጥኩት።

ምክንያቱን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ነሐሴ ውስጥ እዚሁ ድንኳን ሥር ከኔ ጋር የተቀመጣችሁ፣ ንፍሮውን የተካፈላችሁ ናችሁ። አባቴ ያረፉት መንዝ ነው፤ እኔ ያለቀስኩት ግን እዚህ ነው። ለምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ጦርነት ገብቶ ስንቶቻችን ነን አባትና እናታችንን በስልክ የቀበርን? ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው፣ ከጉድጓዱ አፋፍ የሚመጣውን የሙሾ ድምፅ በነፋስ እየተቆራረጠ የሰማችሁ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። እኔም አንዱ ነኝ። ይህን ብዬ ልለፈው።

በአገራችን ሥርዓት ለሞተ ሰው የሚደረገው ሁሉ በቁጥር የተሰፈረ ነው። ሣልስት አለ፤ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ አለ፤ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ አለ። አባቶቻችን ሐዘንን በቀን ከፋፍለው፣ ለየቀኑ ጸሎቱንና ዝክሩን መድበው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር አድርገው ነው የሠሩት። በዓል ግን ከዚህ ቁጥር ውስጥ የለም! በዓል አርባው ይውጣ አይውጣ ሳይጠይቅ መጥቶ ደጅ ያንኳኳል።

እኛ ቤት እንቁጣጣሽ የገባው አባቴ ባረፉ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የሰፈር ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ከበር ደረሱ። ባለቤቴ ከሏን እንደለበሰች ልታስቆማቸው ብድግ ስትል «ተያቸው» አልኳት። ጨፈሩ፣ ድፎውን ቆርሰን ሰጠናቸው፣ ሄዱ። መስቀል ደግሞ አለ። እንደምታውቁት መስቀል ላይ ችቦውን አቀጣጥሎ ከጓዳ እስከ በረት የሚያዞረው አባወራው ነው። ዘንድሮ መንዝ ባለው ቤታችን ችቦውን ያዞረችው እህታችን ናት። «ሴት ልጅ ችቦ?» ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ አሉ። ታዲያ ማን ያዙርላት? አንደኛው ልጅ አሜሪካ፣ አንደኛው ደብረ ብርሃን፣ አንደኛው (ማለትም እኔ) እዚህ ቁጭ ብለን! ገናም መጣ፣ ጥምቀትም መጣ፤ አለፉ። አሁን የቀረው ትልቁ ነው።

ሰው ስለ ሐዘን ሲያወራ ስለ ለቅሶው ቀን ያወራል። በለቅሶ ቀን እኮ ሰው አለ። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ካርታ የሚጫወተው ካርታውን እየተጫወተ፣ አንዱ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ሌላው ስለ ኳስ እያወራ ያድራል። ከባዱ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው በዓል ነው፤ በዚያን ቀን ሁሉም ከየቤቱ፣ ከየልጁ ጋር ነው። ሐዘንተኛው «ዶሮ ልረድ ወይስ ይቅር?» እያለ ያሰላስላል። አንዱ ሽማግሌ «ከል እንደለበሱ ምን በዓል አለ?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «በዓል ደም ሳይፈስ አይዋልም፣ ለልጆቹ ሲባል ይታረድ» ይላል። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። ልጅ አያቱ ስለሞቱ ብቻ ፋሲካ ሊቀርበት አይገባም፤ አያትየውም ቢጠየቁ እንዲህ ነበር የሚሉት።

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ የገንዘቡን መጠን፣ የድንኳኑን፣ የወንበሩን፣ የድስቱን ብዛት ሳይቀር ይዘረዝራል። ስለ መጀመሪያው በዓል ግን አንድ ቃል የለውም። በበኩሌ አንድ መስመር ይጨመርበት እላለሁ፦ አባል አባት ወይም እናት ከሞተበት፣ በሚቀጥለው በዓል ዋዜማ ሦስት ሰው ይላክለት። ምንም ይዘው መሄድ የለባቸውም። ሄደው ቡና ጠጥተው ይመለሱ። (ጸሐፊያችን እባክዎ ይመዝገብልኝ።)

ሌላም ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር ነበር፤ የመሐላው ነገር። የእኛ አገር ሰው ያለ መሐላ ዐረፍተ ነገር አይጨርስም። እኔ ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ «አባቴ ይሙት!» እያልኩ ነው የኖርኩት። ገበያ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ከልጆቼ ጋር፣ «አባቴ ይሙት አልሰጥም፣ አባቴ ይሙት አልሄድም»። ጥቅምት ውስጥ ነው፤ መርካቶ አንድ ነጋዴ ጋር ስንከራከር እንደ ልማዴ «አባቴ ይ…» ብዬ ጀመርኩና ቀጥ አልኩ። ነጋዴው ደንግጦ አየኝ። ለካስ እንዲያ ብሎ መማል የሚችለው አባቱ በሕይወት ያለ ሰው ብቻ ነው! አሁን የቀረኝ «የአባቴ አጥንት ይውጋኝ» የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ ለዋጋ ክርክር አውጥቼ ልናገረው አልደፍርም። ነጋዴው በጠራው ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። ዛሬ ለመናገር የጠየቅኩት በዋናነት ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ከብዙዎቻችሁ ጋር ተጫውተን አውቄያለሁ።

አባቴ ሀብታም አልነበሩም። ርስቱ፣ ታስታውሳላችሁ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን አበቃ። ከዚያ በ1989 ዓ.ም. የክልሉ ድልድል መጣ፤ ስንቱ «ቢሮክራት» እየተባለ መሬቱ እንደተቀነሰ በዚያን ጊዜ የነበረ ያውቀዋል። እንግዲህ መሬቱ ከወረሰው በላይ የሚያወርሰው ሰው ከእጁ ሲወጣበት፣ የሚያወርሰው ዕቃ ብቻ ሆኖ ቀረ። የአባቴ ዕቃ ደግሞ ቢደመር ይኸው ነው፦ አንድ ጥቁር በርኖስ፣ አንድ የብራና ዳዊት፣ ሰባት ማርትሬዛ ብር፣ አንድ የቀንድ ዋንጫ፣ የእናታችን ሞሰብ፣ አንድ ጠፍር አልጋ፣ እና አንድ ደረሰኝ።

ከደረሰኙ ልጀምር። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ የሚለው ስም ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ነው የመጣው፤ ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር እንደመጣ ሁሉ። አባቶቻችን የፈረንጁን ጠመንጃ ገዝተውም ማርከውም ሲይዙት ስሙን አማርኛ አስተምረውት ነው። ያ ውጅግራ ለአባቴ ወረደ። ጥይቱ ካለቀ ዘመን የለውም፤ ግን በየበዓሉ ዋዜማ አውርደው በቅቤ ይወለውሉት ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ «የመሣሪያ ምዝገባ» ተብሎ አንድ ሰው መጥቶ ተረከባቸው። የሰውየውን ስም አልጠራም። ስምና ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ሰጥቷቸው ሄደ፤ ጠመንጃው አልተመለሰም። አባቴ ወረቀቱን አጣጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ፣ ሁልጊዜ ማታ የሚደግሙት መዝሙር ላይ አስቀመጡት። ሠላሳ ከምናምን ዓመት እዚያው ነበር። አሁን ያ ደረሰኝ ውርስ ነው! ታናሽ ወንድሜ «ይቀደድ» ይላል። እኔ በሕይወት እያለሁ አይቀደድም።

ማርትሬዛዎቹን ከልጆቼ አንዱ ወስዶ ሲያያቸው ሰባቱም ላይ 1780 የሚል አገኘና «እንዴ! ሁሉም በአንድ ዓመት ነው የተሠሩት?» አለኝ። አይደለም። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ያንኑ ዓመት እየጻፉ ደጋግመው ሲቀርጹት ኖረዋል፤ አገራችን የገባውም አብዛኛው ከዚያ በኋላ የተመታው ነው። የሞተች ሴት መልክ ይዞ ስንት ትውልድ ጥሎሽ የተጣለበት፣ ስንት ግብር የተከፈለበት ብር ነው እንግዲህ።

በርኖሱ ግን ሌላ ነው። በርኖስ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ለልጆቻችሁ ግን ንገሩልኝ። አገራችን ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ የወጣ ደጋ ነው። ውርጩ አንዳንድ ዓመት ገብሱን እንዳለ ያቃጥለዋል። በዚያ ቅዝቃዜ ሰው ሆኖ የቆየው በበግ ነው። ጠጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ ከዚያው ነው የሚወጣው። የአባቴን በርኖስ ክር የፈተለችው አያቴ ናት፤ ለባሏ ነው የፈተለችው። አያቴ ለበሱት፣ አባቴ ለበሱት። ትከሻው ላይ ያለችው ሹል ቦታ ተልጣ ሁለት ጊዜ ተጠቅማለች፤ አንዱን ጥቃም የጠቀመችው እናታችን ናት፣ ክሩ ትንሽ ቀላ ስለሚል ይለያል። ከጢስ፣ ከበግና ከአረቄ የተቀላቀለ ጠረን አለው። እንደምን ብዬ ልንገራችሁ… የአባቴ ጠረን ነው በቃ።

ታዲያ ጠቡ የተነሣው በዚህ በርኖስ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ አራት ልጆች አራት ሐሳብ ይዘን ተነሣን። ታላቅ ወንድማችን ከአሜሪካ ደውሎ «በአገራችን ወግ የአባት ልብስና የአባት መሣሪያ የበኩር ልጅ ነው፤ በርኖሱና ዳዊቱ ይላክልኝ፣ በመስተዋት አስደርጌ ሳሎን እሰቅለዋለሁ» አለ። ታናሹ «ሁሉም ይሸጥና ገንዘቡ ለአራት ይካፈል፣ ሐውልት ይሠራበት» አለ። እህታችን ዝም አለች። ዝም ያለች ሰው ምንም አልፈለገችም ማለት እንዳልሆነ እኛ ወንዶች የሚገባን ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው።

ለታላቅ ወንድሜ የመለስኩለትን ለእናንተም ልንገራችሁ። «ጋሼ፣ ስለ ወግ ካነሣህማ እንነጋገር» አልኩት። መንዝ ውስጥ ርስት የሚቆጠረው በአባት ብቻ አልነበረም፤ በእናትም ነበር። አቅኚ አባቱ ድረስ በወንድም በሴትም ቆጥሮ የደረሰ ሁሉ ይጠይቅ ነበር። ስንቱ አያቱን በእናቱ በኩል ቆጥሮ ማማ ላይ፣ ላሎ ላይ፣ ጌራ ላይ ሲሟገት የኖረ አይደል እንዴ? አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ ዓመታት መንዝ ገብቶ ስለ አማራው ባህል እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ ሲያሳትም አንዱ የገረመው ይህ የመሬትና የዘር ነገር ነበር። መሬትን ያህል ነገር ሴት ልጅ ስትወርስ የኖረችበት አገር ልጅ፣ በርኖስ ላይ ሲደርስ «የበኩር ወንድ ነው» ቢል ከየት አመጣው? ሕጉም ቢሆን ያው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ ሳይል ልጆችን እኩል ያወርሳል። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት መጥቶ ስንት ሕግ ሲሽር ይህ አንቀጽ አልተነካም።

ዳዊቱን በተመለከተ ደግሞ ለአሜሪካዎቹ ዘመዶቻችሁ ሁሉ ንገሩልኝ። የብራና መጽሐፍ ሻንጣ ውስጥ ከቶ መውጣት አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዞ ቢቀር የአባትህ ስም ነው መዝገብ ላይ የሚውለው። ይህን ስነግረው ወንድሜ «የራሴን አባት መጽሐፍ?» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ይገባኛል። ሕጉን ግን እደግፋለሁ፤ የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ደግፌ የእኔ ወንድም ሲሆን ልቃወመው አልችልም። ደግሞ የዳዊቱ መጨረሻ ቅጠል ላይ አያታችን የልጆቻቸውን፣ አባታችን ደግሞ የእኛን የክርስትና ስም ጽፈውበታል። የአራታችን ስም ያለበትን መጽሐፍ ማን ነው ብቻውን የሚሰቅለው?

ታናሹን መመለስ ይበልጥ ያስቸግር ነበር። ድህነት አለበት፤ ልጆች አሉት። «አባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ተረት በሳቅ እያደረገ ይነግረኛል። እውነቱን ለመናገር ገዢ ሞልቷል። መንደር ለመንደር እየዞሩ «አሮጌ ዕቃ አለ?» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ድሪውን፣ አልቦውን፣ የብር መስቀሉን፣ በርጩማውን ሳይቀር ይገዛሉ። ቤተሰቡ ከል ለብሶ፣ ለተዝካር ተበድሮ በተቀመጠበት ሳምንት መምጣት ያውቁበታል። የአያታችሁን መስቀል ቸርችል ጎዳና መስተዋት ውስጥ ተሰቅሎ ብታዩት ታውቁታላችሁ? እኔ እንጃ። ያ መስቀል እዚያ ሲደርስ ባለቤት የለውም፤ «ከሰሜን የመጣ» ነው የሚባለው።

እዚህ ላይ ከእኔ ቤት ወጥቼ ሁላችንንም ወደሚመለከት ነገር ልሂድ፤ የፋሲካ ሰሞን ስለሆነም ነው።

የፋሲካ ነገር ሲነሣ ሁለት ፋሲካዎች አሉ። አንደኛው የ1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግሥት ነው። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ሰባት ዓመቱ ገደማ ነበር። በወሩ ደግሞ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተችበት። የአባቱ ቤት ዕቃ፣ መጻሕፍቱ፣ መስቀሎቹ፣ ዘውዱ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ጨረታ ወጣበት። ሕፃኑ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ሞተ፣ ዊንድዘር ተቀበረ። እስካሁን እዚያው ነው፤ አስከሬኑ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 ዳግም አልተፈቀደም። የአባቱ ቁንዳላ ጸጉር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ከለንደን ተመልሷል። አስቡት፤ የአንድ ንጉሥ ውርስ ወደ ልጆቹ አገር ሲመለስ ከመጣው አንዱ ጸጉር ነው፤ ያንን ለመቀበል ደግሞ ሚኒስትር ተሰልፏል። እኛ በርኖስ ልንሸጥ እንከራከራለን!

ሁለተኛው ፋሲካ የራሳችን ነው፣ መንዝ ውስጥ ነው። ዘረት። በ1931 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነበር። የአርበኛው የተሾመ ሽንቁጥ ሰዎች ከነቤተሰባቸው፣ ከሴቱ፣ ከሕፃኑ፣ ከአዛውንቱ፣ ከቁስለኛው ጋር አመፀኛ ዋሻ ገብተው ነበር። ጣልያን ከበባቸው። በዚያው በፋሲካ ዕለት የመርዝ ጋዝ ዋሻው ውስጥ ለቀቀባቸው። በማግሥቱ በሠልስቱ እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች አውጥቶ ረሸናቸው፤ በጣልያኖቹ በራሳቸው ሰነድ ወደ 800 ይሆናሉ። ነገሩ ከአካባቢው ሰው ትዝታ ሳይወጣ ስንት ዘመን ቆየና፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣልያናዊ የታሪክ ሰው ሰነዱን ይዞ ዋሻው ድረስ ሄደ። ከዚያም የጥንት ቅሪት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ገቡበት። ምን አገኙ? ከአጥንቱ ጋር የቤት ዕቃ። የሸክላ ስብርባሪ፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ የእህል ማስቀመጫ። ሰው ሲሸሽ ምን ይዞ እንደሚሸሽ አስተውሉ፤ ነገ የሚጋግርበትን ነው የያዘው። ያንን ማሰሮ «የእናቴ ነው» የሚል ወራሽ አልቀረለትም፤ እናትም ልጅም እዚያው ናቸውና።

ከእናንተ ውስጥ አያቶቻችሁ ከዚያ ዋሻ አካባቢ የሆኑ አላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ነገር ካለ፣ አንድ ዋንጫም ቢሆን፣ የሚያውቀው ሽማግሌ ሳያልፍ ታሪኩ ይጻፍ። ዕቃው ያለ ታሪኩ ጀርመን አገር ቢሸጥም አዲስ አበባ ቢቀመጥም ለውጥ የለውም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። ጓሳን አስቡ። አስቦና ጌራ የሚባሉት አቅኚዎች ልጆች መሬቱን ሁሉ ሲከፋፈሉ ጓሳን ግን አልከፋፈሉትም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይባላል፤ ቄሮ በሚሉት ደንብ ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር፣ ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ ሁሉም ይቆርጥ ነበር፣ መልሶ ይዘጋ ነበር። ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት! ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ ድረስ እዚያ ያሉት በዚያ ደንብ ነው። የእኛ ሰው በጠብ፣ በሙግትና በድንበር የታወቀ ነው፤ ያም ሆኖ አራት መቶ ዓመት ሊሆነው የተቃረበ ነገር ሳይከፋፈል ጠብቋል። አንድ በርኖስ አራት ልጅ እንዴት ያቅተዋል?

እኛ እንዲህ አድርገናል። ብሮቹ በሕጉ ይከፈላሉ፤ ሰባት ለአራት ስለማይደርስ እኔና ታላቄ አንድ አንድ ወስደን የቀረው ለታናሻችንና ለእህታችን ይሆናል። ታናሻችን ይሽጠው፣ የልጆቹ ወጪ ነው፤ አንድም ቃል አይነገረውም። ዳዊቱ መንዝ፣ አባቴ የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ይቀመጣል፣ ደረሰኙም ከነመዝሙሩ። የመጨረሻውን ቅጠል ፎቶ አንስተን ለታላቅ ወንድማችን ልከንለታል፤ መስተዋት ውስጥ ያደረገው እሱን ነው። ዋንጫው በየበዓሉ ይዞራል፤ ዘንድሮ ለፋሲካ እኔ ጋ ነው፣ መንገድ ከተከፈተ ለእንቁጣጣሽ ደብረ ብርሃን ይሄዳል።

በርኖሱ ላይ ግን ሦስታችንም ወንዶች ለሁለት ወር ያህል በስልክ ተነታርከናል። ጥር መጨረሻ ላይ እህታችንን ደውዬ «አንቺስ ምን ትያለሽ? በርኖሱ የት ይቀመጥ?» አልኳት።

«የምን መቀመጥ? ውርጭ እኮ ነው፤ ላሚቱን የማልበው በሱ ነው» አለችኝ።

ሳቅኩ። ለካስ እኛ በስልክ ስንካፈለው እሷ ከአርባው ማግሥት ጀምሮ ለብሳዋለች። አባቴን በመጨረሻው ዓመት ያነሣችውና ያስቀመጠችው፣ ያጠበቻቸው እሷ ናት፤ ክሩን የፈተለችው ሴት፣ የጠቀመችው ሴት፣ አሁን የለበሰችው ሴት። ታላቅ ወንድሜ ሲሰማ ትንሽ ዝም አለና «ብርዱ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ በርኖሱ ከዚያ ወዲህ አላነሣም።

ሞሰቡን ረሳሁ አይደል! ሞሰቡን የጠየቀ ወንድ የለም። እህቴ ናት የያዘችው፤ የእናታችን ስለሆነም ሳይሆን አይቀርም ማንም ትዝ ያላለው። ለሚቀጥለው ስብሰባ አንዱ ተነሥቶ ስለ እናቶች ዕቃ ቢናገር መልካም ነው፤ እኔ ሃያ ደቂቃዬን ጨርሻለሁ፣ ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ።

አንድ ነገር ብቻ። እዚያ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ደብተር አስቀምጫለሁ። ቤታችሁ ያለውን ዕቃ፣ ከማን እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ስትወጡ ጻፉበት። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች ካሉ ልጄ አጠገቡ ቆማለች፣ እሷ ትጽፍላቸዋለች። ዋጋውን አትጻፉ። እስክሪብቶ ያላችሁ የራሳችሁን አውጡ፤ እዚያ ያለው አንድ ብቻ ነው።